ለኮሶ ሻጯ መድረክ ይሰጣት



ድንበር ላይ ያለችው የምዕራብ ጎንደር ከተማችን የምትጠራው በንጉሥ ስም ነው፤ መተማ ዮሐንስ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ እዚህ ቆሰሉ፤ በዚያው ቁስል አረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ድረስ ተወሰደ። ወደ ደቡብ ወረድ ካልን ደግሞ ቋራ አለች። የቋራውን ካሳ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለውን፣ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እንግዲህ ይህ ቆላ በታሪክ መጽሐፍ ላይ ብቅ የሚለው ወይ ንጉሥ ሲወለድበት ወይ ንጉሥ ሲወድቅበት ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውም ሁሉ፣ ሰው ያልኖረበት ይመስላል።

ነገሥታቱን ላጣጥል አልመጣሁም። ከንጉሡ ቤት አንዲት ሴት አውጥቼ ላሳያችሁ ነው የፈለግሁት።

የካሳ እናት ወይዘሮ አትጠገብ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ችግር ቢጠናባቸው ጎንደር ከተማ ኮሶ ይሸጡ ነበር ተብሎ ይነገራል። ልጃቸው ከፍ ከፍ ሲል ጠላቶቹ ያገኙለት ትልቁ ስድብ ይኸው ሆነ፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ። ከእነዚህ ጠላቶቹ አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ በአደባባይ ደንፍቶበት ካሳን ሊይዝ ዘመተ፤ ተሸነፈ፤ ተማረከም። ካሳ ኮሶ አስቀርቦ አጠጣው ይባላል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ያልሳቅን ማን አለ? በቀሉ ይጣፍጣል። ለመድረክም የተመቸ ነው።

አሁን ነገሩን ከሴትዮዋ ጎን ሆነን እንየው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ሻጯ አበባውን ከደጋ አስመጥታ ወይም ከደጋ ነጋዴ ገዝታ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ሰፍራ ነው የምትሸጠው። በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ መኳንንቱም ጭምር፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት ነበረበት። ስለዚህ ሲሰድቧት ከነበሩት ውስጥ ደንበኞቿ አይጠፉም። አንዱን ስፍር በስንት ትሰጥ ነበር? በዱቤ ወስዶ ያልከፈለ ባለ ካባ ስንት ነበር? ማን ጋ ሄዳ ትከስ ነበር? ታሪኩ ይህን አይነግረንም። በታሪኩ ውስጥ የሚሰድበው ወንድ ነው፤ የሚበቀለውም ወንድ ነው። ሥራውን የሠራችው እናት አንድ ቃል አትናገርም።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ቴዎድሮስ» የሚል ተውኔት ጽፈዋል። ሁለቱም ስማቸው የሚጠራ ሥራዎች ናቸው። «ኮሶ ሻጯ» የሚል ተውኔት ግን በመድረካችን አላየሁም።

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። በዚህ ቆላ ሠርታ የምታድረውን ሴት በቴአትር እናስታውሳት ካልን፣ እንባዋን ትተን ከሒሳቧ እንጀምር። ስንት ቀን ሠራች፣ ምን ሠራች፣ ስንት ተባለላት፣ ስንት ደረሳት። ቴአትሩ ከዚህ ከተነሣ እንባውም ሣቁም ሳንጠራው ይመጣል።

ስለ የትኛዋ ሴት ነው የማወራው? እናንተ ታውቋታላችሁ፤ ይሁንና በቅርብ ያለን ሰው በደንብ ማየት ይከብዳልና ዘርዘር ላድርገው።

ክረምቱ ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲያልቅ ደግሞ ለአጨዳ፣ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ፣ ከደባርቅ ወገን የሚመጣው የጉልበት ሠራተኛ በአይሱዙ ላይ ተጠቅጥቆ በአዘዞ በኩል ይወርዳል። ከጎንደር ከተማ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው፤ ከብርዱ አገር ወጥቶ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ወደሚያልፍበት። አንዳንዱ አጭዶ ይመለሳል። አንዳንዱ፣ ሳሉግ የሚባለው፣ እዚሁ ይከርማል። በዚያ መኪና ላይ ሴቶችም አሉ። ከባሏ ጋር የመጣች አለች፤ ከወንድሟ ጋር የመጣች አለች፤ ብቻዋን የመጣችም አለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰፈራ ፕሮግራም መተማና ቋራ ከገቡት ቤተሰቦች የወጡ፣ ዛሬ የራሳቸው ማሳ ቢኖርም የሰው እርሻ ላይ የሚውሉ ሴቶችም አሉ። ከሁሉም በፊት እዚህ የነበሩትን የጉሙዝ እናቶችም አትርሱብኝ። የዚህ ቆላ ሥራ ታሪክ በአይሱዙ መምጣት አልተጀመረም።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። የፍሬው ሽፋን ከደረቀ በራሱ ይከፈታል፤ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል፤ የዓመቱ ልፋት የጉንዳን ቀለብ ይሆናል። ስለዚህ ገና ቢጫ ማለት ሲጀምር ይታጨዳል፣ ይታሠራል፣ ሂላ በሚባለው ክምር ቆሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይደርቃል፣ ከዚያ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። የእርሻው ባለሀብት የሚሽቀዳደመው ከቀናት ጋር ነው። ሠራተኛ በጠፋ ዓመት የቀን ዋጋ ይሰቀላል፤ ሠራተኛ በበዛ ዓመት ይወርዳል። ወንዱ ሠራተኛ ይህን ያውቃል፤ ዋጋ ካልጨመርክልኝ ማጭዴን ይዤ ወደ ጎረቤት እርሻ እሄዳለሁ ማለት ይችላል።

እንጀራ ጋጋሪዋስ? እሷ ምጣዷን ተሸክማ ወደ ጎረቤት እርሻ አትሮጥም። በእርሻው የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ሠላሳ ሰው አለ እንበል። ሠላሳ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ዱቄቱ የማሽላ ነው፤ ውኃው በበርሜል የመጣ ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ነው። ሌሊት ተነሥታ ካልጋገረች አጫጁ ፀሐይ ሳይከር ማሳ አይገባም፤ ሰሊጡም አይጠብቅም። በእኔ ግምት በዚያ ካምፕ አንድ ሰው ቢቀር ሥራው ሁሉ የሚቆመው በእሷ ነው። በክፍያ ደብተሩ ላይ ግን ስሟ ከመጨረሻው ገጽ ነው የሚገኘው፤ እሱም ከተገኘ።

ሰሊጡ ከማሳ ከወጣ በኋላም በሴት እጅ ያልፋል። ገንዳ ውሃም ሆነ ጎንደር፣ መጋዘን ውስጥ ሰፌድና ወንፊት ይዘው አፈሩን፣ ጠጠሩን፣ ገለባውን ከፍሬው የሚለዩት ሴቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ከጀመረበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሰሊጥ በደረጃ መሸጥ ጀምሯል፤ ደረጃውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በፍሬው ውስጥ ያለው ባዕድ ነገር መጠን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ደረጃ የተገዛው በማን ዓይንና በማን ጣት ነው? ሰሊጡ ቻይና ይደርሳል፤ እስራኤል ደርሶ ጣሂና ይሆናል። ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ዋና ዋና የእርሻ ምርቶቻችን አንዱ ነው። በዜና ስለ ሰሊጥ ሲነገር ምስሉ ብዙ ጊዜ የጆንያ ክምር ነው፤ ከጆንያው አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ካሜራው ውስጥ ብትገባም ስለ እሷ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ድንበር የምትሻገረዋ አለች። በመተማ በገላባት አድርጋ ገዳሪፍ፣ ካርቱም ወርዳ ሰው ቤት የሠራች፣ መንገድ ዳር ሻይና ቡና አፍልታ የሸጠች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በዚህችው ድንበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተመልሶ ገባ። ከተመላሾቹ ውስጥ ለዓመታት የሰው ቤት አጽድተው፣ ያጠራቀሙትን እዚያው ጥለው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው የመጡ የእኛው ሴቶች ነበሩ። እነሱን እንደ ተፈናቃይ መዝግበናቸዋል። እንደ ሠራተኛ የመዘገባቸው የለም፤ ያልተከፈላቸውን ወር የጠየቀላቸው የለም።

አሁን አንድ የሚያበሳጨኝን ነገር ልናገር። ስለዚህ ቆላ ጥናት አልተሠራም አይባልም። በካላዛር ላይ የተሠሩትን ብታነቡ፣ ታማሚዎቹ በአብዛኛው ሊሠሩ የመጡ ወጣት ወንዶች መሆናቸውን ይነግሯችኋል። በኤች አይ ቪ ላይ የተሠሩትን ብታነቡ ሴቲቱን ታገኟታላችሁ፤ በሴተኛ አዳሪነት ወይም በቡና ቤት አሳላፊነት። ወንዱ በበሽተኛነት ተቆጠረ፤ ሴቲቱ በበሽታ አስተላላፊነት ተቆጠረች። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ ሥራቸው በሽታ ነው፤ ብዙ ሰውም አድነዋል። የእኔን ሙያ፣ የቴአትርን ሰዎች ግን እወቅሳለሁ። ወደዚህ ቆላ ሲመጣ ያየነው ቴአትር በአብዛኛው የሐኪሞቹን ሪፖርት በአልባሳት የደገመ ነው። ታውቁታላችሁ፤ አንዲት የዋህ ልጅ ከገጠር ትመጣለች፣ ደላላ ያታልላታል፣ ትሳሳታለች፣ ትታመማለች፣ ታለቅሳለች፤ በመጨረሻ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ወጥቶ ይመክራል። ጭብጨባ። ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ልጅቱ ደላላው እስኪያገኛት ድረስ በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራች፣ ለምን ደመወዟን ትታ እንደወጣች፣ ደራሲው አልጠየቀም። እሷን የሚያስፈልገው ለስሕተቷ ብቻ ነበር።

ቴአትራችን ከሴት ጋር የቆየ ዕዳ አለበት። በሀገር ፍቅር ቴአትር የመጀመሪያ ዘመን የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ሲወጡ ነው ሴት በራሷ ድምፅ መናገር የጀመረችው፤ ያም ሲሆን ብዙ ስድብ ተቀብለውበታል። ሴቲቱ መድረኩን ካገኘች አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የምትሠራዋ ሴት፣ ማለትም ሥራዋ ራሱ የድርሰቱ ጉዳይ የሆነላት ሴት፣ ገና ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ምክንያት አለኝ።

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሎረንስ የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ አለች። ከመቶ ዓመት በፊት በፋብሪካዎቹ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ጣሊያኖች፣ ሊቱዌንያውያን፣ ሶርያውያን፣ ፖላንዳውያን። እ.ኤ.አ. በ1912 መጀመሪያ የግዛቱ ሕግ የሴቶችንና የልጆችን የሥራ ሳምንት ከ56 ሰዓት ወደ 54 አወረደው። መልካም ሕግ ነው። ባለ ፋብሪካዎቹ ግን ሁለቱን ሰዓት ከደመወዝ ቆረጡት። በጃንዋሪ 11 ቀን ኤቨረት በተባለው ፋብሪካ የሚሠሩ ፖላንዳውያን ሸማኔ ሴቶች የደመወዝ ፖስታቸውን ከፍተው ቆጠሩ። 32 ሣንቲም ገደማ ጎደለ። መዘውራቸውን አቁመው ወጡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሃያ ሺህ በላይ ሠራተኛ ተከተላቸው። ትግሉ ሁለት ወር ቆየና በማርች የደመወዝ ጭማሪ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ የሚነሡት ስሞች እነማን ናቸው? ጆሴፍ ኤቶር፣ ቢል ሄይዉድ፣ ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን። ሁሉም ሥራው ከቆመ በኋላ ከውጭ መጥተው ያስተባበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ፖስታውን ከፍተው የቆጠሩት ሴቶች በጅምላ «ፖላንዳውያኑ ሴቶች» ተብለው ቀሩ። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አይናገሩም ነበር፤ ጋዜጠኛ ማይክራፎን ወደሚናገረው ነው የሚያዞረው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎጃም ተነሥታ መተማ የገባችን ሴት ማን ስሟን ጠይቋት ያውቃል? «ጋጋሪዋ» ናት።

በዓመቱ፣ በ1913፣ ፓተርሰን በምትባል ሌላ ከተማ የሐር ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ መቱ። ያን ጊዜ ጋዜጠኛው ጆን ሪድና ወዳጆቹ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ አድማውን ሠራተኞቹ ራሳቸው በመድረክ ይጫወቱት። በጁን 7 ምሽት ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኛ ኒው ዮርክ ገብቶ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው ትልቅ አዳራሽ የራሱን ሕይወት አሳየ። ተመልካቹ አሥራ አምስት ሺህ ይሆናል። ባለሙያ ተዋናይ አልነበረም። ሥራ የሚገቡበት ማለዳ፣ ሥራ የሚያቆሙበት ሰዓት፣ በአድማው የሞተውን ሰው የቀበሩበት ቀን፤ የኖሩትን ነው የተጫወቱት። በቴአትር ታሪክ እስከ ዛሬ ይወሳል።

አሁን ሌላውን ፊት ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የሚያነሱ የኪነ ጥበብ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ትርዒቱ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ነበር፤ ከሰረ። አድማውም በዚያው ክረምት ተሸነፈ። ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን በኋላ በግልጽ ወቀሰች፤ ለልምምድ ሲባል ሰው ከፋብሪካው በር ጥበቃ ተነሣ፣ ማን ኒው ዮርክ ይሂድ በሚል ቅናት ገባ አለች። እኔ ትርዒቱን ከሚያደንቁት ወገን ነኝ፤ ወቀሳዋንም እቀበላለሁ። ቴአትር ሠራተኛውን ከሥራውና ከትግሉ አንሥቶ ለከተሜ ተመልካች ጌጥ ካደረገው ዕዳው ይበዛል።

ከሎረንስ ግን አንድ ነገር እወስዳለሁ። ታሪኩን ያስነሣው 32 ሣንቲም ነው። ንግግር አልነበረም፤ መፈክር አልነበረም። ሴቶቹ መቁጠር ያውቁ ነበር። የእኛም ሴት ትቆጥራለች። ልዩነቱ የሎረንስ ሴቶች አንድ በር ነበራቸው። ፋብሪካ በር አለው፤ ደወል አለው፤ ሁሉም በአንድ ቀን የሚከፈልበት መስኮት አለው። የባሕር ዳርን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስቡት፤ ከጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን። እዚያ የሠሩ እናቶች ሲገናኙ የሚጠሩት አንድ ቦታ፣ አንድ አለቃ፣ አንድ ሺፍት አለ። ትዝታቸው ማደሪያ አለው። የሰሊጥ ሴት ግን በየማሳው ተበትናለች፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ማሳ ናት። አንዷ የሌላዋን ዋጋ አታውቅም። ቴአትር ለእነዚህ ሴቶች ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ነገር ያንን በር ማቆም ነው፤ አንድ ምሽት አንድ ቦታ ተሰብስበው «ለካ አንቺም!» የሚባባሉበትን።

እንግዲህ ምን ዓይነት ቴአትር? አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ፤ ከራሴ የፈጠርኩት ነው፤ እናንተ ታርሙታላችሁ።

ባለታሪኳን አለሚቱ እንበላት። ከደጋ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ዘለል ያለ። መድረኩ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ክፍያ ነው። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተጠርተው ይቀበላሉ፤ ይከራከራሉ፤ አንዱ ይሳደባል፤ አንዱ ይስቃል። አለሚቱ ዳር ቆማለች። መጨረሻ ላይ ትጠራለች።

«እታለም፣ ያንቺ ይቀነሳል። ቅድሚያ የወሰድሽው አለ፣ የሳሙና አለ፣ የታመምሽበት ሦስት ቀን አለ።»

«ቅድሚያውንም ሳሙናውንም ወስጃለሁ፣ አያ። የታመምኩበትን ነው ያልገባኝ።»

«ሦስት ቀን ተኝተሽ አልነበረም?»

«ሌሊት ሌሊት አተኩሶኝ ነበር። እነዚያን ሦስት ቀን ሰዉ ምን በላ?»

«እንጀራ ነዋ።»

«ማን የጋገረውን?»

ካቦው ደብተሩን ያገላብጣል። ወንዶቹ ይተያያሉ። እዚህ ላይ ነው ማቆም የምፈልገው፤ በእውነት ትዕይንቱን አቁሞ ተመልካቹን መጠየቅ። ከናንተ ውስጥ ማን ምን ይላል? ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦል በ1970ዎቹ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፎረም ቴአትር ብሎ ያስፋፋው ዘዴ ይህ ነው። ተመልካች እጁን አውጥቶ «ቁም!» ይላል፤ መድረክ ላይ ይወጣል፤ በተዋናዩ ቦታ ገብቶ የራሱን መላ ይሞክራል። ሌላው ደግሞ ሌላ መላ ይዞ ይመጣል። ዘዴው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ሕይወት የወጡ ወጣቶች የነበሩበት አዱኛ የተባለው የዳንስ ቴአትር ቡድን ሠርቶበታል። ደግሞም እኛ ሰው ችሎት ፊት በጥያቄና በመልስ ሲሟገት ዛፍ ሥር ቆሞ ለማየት ሥራ ይፈታ የነበረ ሕዝብ ነን። ክርክር ያለበት ቴአትር ይዋጣልናል።

የማስጠንቅቃችሁ ነገር አለ። ያ ባለሀብት ወይም ያ ካቦ ተመልካቹ መሃል ተቀምጦ ከሆነ፣ እጇን አውጥታ የተናገረችው ሴት በሚመጣው አጨዳ ሥራ ላታገኝ ትችላለች። የአዲስ አበባ ባለሙያ ይህን አያስብም፤ በማግስቱ አውቶቡስ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርዒት ለሴቶቹ ብቻ ይሁን፤ በር ተዘግቶ፣ ፎቶ ሳይነሣ። የትኛው ቃል ለአደባባይ እንደሚወጣ፣ የትኛው እዚያው እንደሚቀር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በስሜ ልጠቀም ያለች ትጠቀም፤ አልፈልግም ካለች አለሚቱ ትባል።

ተዋናዮቹንም በተመለከተ አስተያየት አለኝ። የአዲስ አበባን አማርኛ የሚናገር ገጸ ባሕርይ እዚህ አታምጡብን። ከጎጃም የመጣችዋ እንደ ጎጃም፣ ከወሎ የመጣችዋ እንደ ወሎ ትናገር፤ ገበያ ላይ ያለው ዓረብኛም ጣል ጣል ይበል፤ ጉሙዝኛም ይሰማ። ለማሳቅ የሚደረግ የገጠር ሰው መቀለጃ አማርኛ ግን ይቅርብን። ይህ ቀልድ ሰልችቶናል፤ አራማጁም ብዙ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ሸራ፣ ሰፌድ፣ ምጣድ፣ አንድ ደብተር። ደብተሩ ትልቅ ይሁን፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው። ዘፋኝ ከፈለጋችሁ አዝማሪ አለላችሁ፤ ጎንደር የማሲንቆ አገር ናት፤ ነገር ግን የወፍጮና የአረም እንጉርጉሮ የሚያውቁት ሴቶቹ ስለሆኑ አዝማሪው ከእነሱ ይማር።

መቼና የት? እዚህ ቆላ መታየት ያለበት በኅዳር ነው፤ አጨዳው ሲጠናቀቅ፣ ሠራተኛው ከመበተኑ በፊት፣ ሒሳቡ ትኩስ ሳለ። ቀን ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ምሽት ይሁን፣ ውድማ ላይ። ሁለተኛው ትርዒት ግን ደጋ መውጣት አለበት። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ለጥምቀት ቤተሰብ ሁሉ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ደብረ ታቦር፣ ደባርቅ፣ ወልድያ ላይ። እዚያ ያለው ቤተሰብ ከቆላ የመጣውን ብር ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ገዝቶበታል፣ በሬ ገዝቶበታል። ብሩ እንዴት እንደመጣ ግን አላየም። ልጅቱ ስትመለስ ስለ ቆላ ብትጠየቅ «ደኅና ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ የምትለው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላውን ብትናገር ስሟ እንደሚጠፋ ታውቃለች። ቴአትሩ እሷን ሳያጋልጥ በእሷ ፋንታ ሊናገር ይችላል፤ አባትየው ከጎኗ ተቀምጦ የሌላ ሴት ታሪክ መስሎት ሲያይ።

የወይዘሮ አትጠገብ ነገርስ? ተውኔቱን በእሷ መክፈት እፈልጋለሁ። በጎንደር ገበያ ኮሶ እየሰፈረች፣ አንድ የመኳንንት አሽከር በዱቤ ሊወስድ መጥቶ ስትከራከረው። ልጇ በትዕይንቱ ውስጥ አይታይም፤ ምናልባት ከውጭ «እማዬ!» ሲል ይሰማ። ኮሶውን ትሰፍራለች፤ ዕዳውን በልቧ ትመዘግባለች፤ መብራቱ ሲመለስ አለሚቱ በአይሱዙ ላይ ናት። ይህን ስናገር «ንጉሡን አዋረዳችሁ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እናቱ ሠርታ ማደሯ ያሳፈራቸው ጠላቶቹን ነው፤ እኛ ለምን የእነሱን ሐፍረት እንሸከማለን?

የመጨረሻው ነገር በጀት ነው፤ ደስ የማይል ርእስ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ሥራ ሴቶቹ ተቀምጠው ታሪካቸውን የሚነግሩን በሥራ ቀናቸው ነው። የፍሊንን ወቀሳ አንርሳ። ታሪክሽን ንገሪኝ ብለን የቀን ገቢዋን ብናስቀርባት፣ በተውኔቱ ውስጥ ካቦውን የምንወቅስበት አፍ አይኖረንም። ስለዚህ ለተዋናዩ፣ ለመብራቱ፣ ለጄኔሬተሩ ከተያዘው ገንዘብ በፊት፣ ለምታወራን ሴት የዕለቱ የአጨዳ ዋጋ ይያዝላት፤ ወንዱ በሚከፈለው ልክ፤ ከመናገሯም በፊት ይከፈላት። ልምምድ ላይ የምትገኝ ከሆነም እንዲሁ። ደብተሩን ደግሞ እሷ ትያዘው፤ እኛ እንፈርምላት።

በዚህ ላይ ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው ካለ ማይክራፎኑ ክፍት ነው። ሴቶች ቅድሚያ ይውሰዱ፤ በተለይ ካምፕ ውስጥ የጋገራችሁ ካላችሁ ከካቦውና ከአለሚቱ ክርክር ጀምሩልኝ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ መስማት እፈልጋለሁ።